እንጨት፣ ብርቱካንና ሽምብራ፦ ወቅቶችንና ግርዶሾችን በእጅ ሠርቶ የማሳያ መመሪያ

ስለ ወቅቶች ለተማሪ የሚቀርበው ሥዕል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መሀል ላይ ፀሐይ፣ ዙሪያዋን በተለጠጠ ምሕዋር ላይ አራት ምድሮች፣ ከየምድሮቹ ሥር ደግሞ «በጋ»፣ «መኸር»፣ «ክረምት»፣ «ጸደይ» የሚሉ ቃላት። ሥዕሉ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። ምሕዋሩን ከልክ በላይ ስለሚያሾለው ልጁ ወቅት የሚለወጠው ምድር ከፀሐይ ስትርቅና ስትቀርብ ነው ብሎ ይደመድማል። የወቅቶቹ ስሞች ደግሞ ከሌላ አገር ሰማይ ተተርጉመው የመጡ ናቸው፤ ወረቀቱ ሰኔን «በጋ» ሲለው ውጭ ዶፍ ይወርዳል።

ስለዚህ እዚህ ሥራው ከግቢ ይጀምራል። መጀመሪያ አንድ እንጨት ተክላችሁ ጥላውን ትለካላችሁ፤ ሞዴሉን የምትሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሞዴሉ የሚሰጣችሁ መልስ ከእንጨቱ ጥላ ጋር ካልገጠመ የሚታረመው ሞዴሉ ነው።

የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ቀጥ ያለ እንጨት ወይም ቁራጭ ፌሮ፣ ቱንቢ (ክርና ድንጋይም ይበቃል)፣ ሜትር፣ ነጭ አምፖል ከነፖርታላምፓዳው፣ 8 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ብርቱካን፣ አንድ የብስክሌት ራጂ፣ ጥቂት ስፒሎች፣ ካሬ ደብተር፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ፣ ተለቅ ያለ ሽምብራ፣ 1 ሜትር ከ40 የሚሆን ቀጭን ሞራሌ፣ ምስማር፣ ሳፋና ቀጭን ሽቦ።

1. የእንጨቱ ጥላ

እንጨቱን ከመሬት በላይ ልክ 1 ሜትር እንዲወጣ አድርጋችሁ ትከሉት። ቱንቢውን ከሁለት ጎን አስጠግታችሁ ቀጥ ማለቱን እዩ። 1 ዲግሪ ብቻ ካዘመመ የጥላው ጫፍ ወደ 2 ሳንቲሜትር ይሳሳታል፤ ከዚህ በታች ካሉት ቁጥሮች ጋር ስታስተያዩት 2 ሳንቲሜትር ቀላል አይደለም። ጥላው የሚያርፍበት መሬት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለም ልኬቱ ይበላሻል፤ ሲሚንቶ ወለል ከሌላችሁ ኮምፔርሳቶ አንጥፉና በውኃ ልክ አስተካክሉት።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ይመጣል። «እኩለ ቀን» ማለት ልክ 6 ሰዓት ነው ተብሎ ጥላው በዚያች ደቂቃ ይለካል። የእኛ ሰዓት የተስተካከለው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ አዲስ አበባ ግን 38.75 ዲግሪ ላይ ናት። ምድር በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ስለምትዞር ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ከፍታዋ ጫፍ የምትደርሰው በአማካይ 25 ደቂቃ ዘግይታ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ 6 ሰዓት ከ10 አካባቢ ይሆናል፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወደ 6 ሰዓት ከ40 ይጠጋል። ስለዚህ በሰዓት አትመኩ። ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ድረስ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ከሁሉ አጭሩ ጥላ የዕለቱ እኩለ ቀን ጥላ ነው። ያ ጥላ የተኛበት መስመርም እውነተኛው የሰሜንና ደቡብ መስመር ነው። የስልክ ኮምፓስ አትጠቀሙ፤ የተከላችሁት ፌሮ ከሆነ ኮምፓሱ ከብረቱ አጠገብ ይወላገዳል።

አዲስ አበባ ላይ ከዚህ የሚከተለውን ማግኘት አለባችሁ። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ጥላው 63 ሳንቲሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። መጋቢት 11 እና መስከረም 12 አካባቢ 16 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል፤ አሁንም ወደ ሰሜን ነው። ሰኔ 14 አካባቢ ግን 26 ሳንቲሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። ልጆቹን የሚያስደንቃቸው ይህ ነው፤ ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች ማለት ነው።

ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ውስጥ ጥላው ጨርሶ የሚጠፋበት ቀን መኖር አለበት፤ ከሰኔ ወዲህ ስትመለስም እንዲሁ። አዲስ አበባ ላይ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 ገደማ ነው። ሐዋሳ ላይ መጋቢት 30 እና ነሐሴ 29 ገደማ፣ መቀሌ ላይ ሚያዝያ 19 እና ነሐሴ 10 ገደማ ይሆናል። በእነዚህ ቀናት ከፌሮው ይልቅ ቀጥ ያለ ጠርሙስ ብታቆሙ ይሻላል፤ እኩለ ቀን ላይ ዙሪያውን አንዳች ጥላ ሳይኖረው ብርሃን ውስጥ ቆሞ ታዩታላችሁ። የነሐሴው ቀን ደመና ሊበላው ስለሚችል የሚያዝያውን አታሳልፉ።

2. ብርቱካኑ ምድር ሲሆን

አምፖሉን ጠረጴዛ መሀል አቁሙና ዙሪያውን በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ክብ አስምሩ። ከዚህ አታቅርቡት፤ በጣም ከቀረበ ብርሃኑ እየተበተነ ስለሚመጣ ብርቱካኑ ላይ የሚያርፉት ጥላዎች እውነቱን አይናገሩም። የአምፖሉ መሀልና የብርቱካኑ መሀል በአንድ ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። አምፖሉ ከፍ ካለ ሰሜኑ ዓመቱን ሙሉ ይበራል፣ ሞዴሉም ከመጀመሪያው ይበላሻል።

ራጂውን ከብርቱካኑ እምብርት አስገብታችሁ በተቃራኒው አውጡት፤ ይህ ዛቢያው ነው። ታችኛውን ጫፍ በነጭ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ላይ አዝምማችሁ ትከሉት። የሚያስፈልገው ዝማሜ 23.5 ዲግሪ ነው። ፕሮትራክተር ከሌላችሁ ወረቀት ላይ 10 ሳንቲሜትር ወደ ላይ፣ ከዚያ 4.3 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ለክታችሁ ሁለቱን ጫፎች አገናኙ፤ ራጂውን በዚያ መስመር ልክ አጋድሙት።

ብርቱካኑ ወገብ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አዙሩ። ብርቱካኑ 8 ሳንቲሜትር ከሆነ ቆዳው ላይ አንድ ዲግሪ ማለት 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ (9 ዲግሪ ሰሜን) ከወገብ መስመሩ 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ትላለች፣ ዋሽንግተን (39 ዲግሪ) 2.7 ሳንቲሜትር፣ ስቶክሆልም (59 ዲግሪ) 4.1 ሳንቲሜትር። በሦስቱም ቦታ አጭር ስፒል ቀጥ አድርጋችሁ ሰኩ። እነዚህ ግቢ ውስጥ የተከላችሁት እንጨት ታናናሽ ወንድሞች ናቸው።

አሁን ብርቱካኑን በክቡ ላይ አዙሩት። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ እሱ ከፈረሰ ሁሉም ይፈርሳል። የራጂው ላይኛ ጫፍ ምንጊዜም ወደ አንድ ግድግዳ መጠቆም አለበት። ግድግዳው ላይ «ሰሜን ኮከብ» ብላችሁ ወረቀት ለጥፉና ራጂው የትም ቦታ ላይ ሆኖ ወደዚያው ማዘሙን እያያችሁ ግፉት። ሰው ሳያስበው ፎሙን ከመንገዱ ጋር አብሮ ያዞረዋል፤ ያኔ ዛቢያው ዓመቱን ሙሉ ወደ አምፖሉ እንዳዘመመ ይዞራል፣ ወቅት የሚባል ነገርም አይኖርም። ፎሙ ላይ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትይዩ የሆነ ቀስት ብትሥሉ ስህተቱን ወዲያው ታያላችሁ።

ራጂው ወደ አምፖሉ ያዘመመበት ቦታ ሰኔ 14 ነው። አዲስ አበባን ወደ አምፖሉ አዙሩና የስፒሏን ጥላ እዩ፤ ወደ ደቡብ ዞሯል፣ ልክ እንደ ግቢው እንጨት። ከአምፖሉ ማዶ ያለው ተቃራኒ ቦታ ታኅሣሥ 12 ነው፤ እዚያ ጥላው ወደ ሰሜን ይረዝማል። ካልሆነ ወይ አምፖሉ ከፍ ብሏል ወይ ራጂው ዞሯል።

እዚያው ላይ ሳላችሁ ብርቱካኑን በዛቢያው ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩትና እያንዳንዷ ከተማ ብርሃን ውስጥ የምትቆይበትን ጊዜ ከጨለማው ጋር አስተያዩ። ስቶክሆልም በሰኔው ቦታ ከብርሃን አልወጣም ብላ ትቆያለች፣ በታኅሣሡ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በእውነተኛው ምድር ላይም የአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በ1 ሰዓት ያህል ነው፤ ዋሽንግተን ላይ ግን ሰኔ ላይ ቀኑ 15 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ታኅሣሥ ላይ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

*ርቀቱስ?* ተማሪ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱን በልኬት አሳዩት። ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው ታኅሣሥ 25 ገደማ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። እጅግ የምትርቀው ሰኔ 27 ገደማ ነው፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። ይህን በ60 ሳንቲሜትሩ ክብ ላይ ለማሳየት አምፖሉን ከመሀል ወደ ታኅሣሥ በኩል 1 ሳንቲሜትር ብቻ መግፋት ይበቃል። ግፉት፤ ማንም ልዩነቱን በዓይኑ አይለየውም። ለፀሐይ በጣም በምንቀርብበት በዚያው ሰሞን ዋሽንግተን በረዶ ይጥላል፤ ርቀት ወቅትን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ።

3. ካሬ ደብተር ላይ የፈሰሰ ብርሃን

የቀኑ እርዝማኔ ግማሹ ነገር ነው። ሌላው ግማሽ ብርሃኑ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። ወረቀት ጠቅልላችሁ የእጅ ባትሪው አፍ ላይ እንደ ቱቦ አስሩ፣ ክፍሉን አጨልሙ፣ ባትሪውን ከካሬ ደብተሩ በ20 ሳንቲሜትር ርቀት ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ብርሃኑ የሸፈናቸውን ካሬዎች ቁጠሩ። ከዚያ ርቀቱን ሳትለውጡ ባትሪውን አጋድሙት። ብርሃኑ ያው ሆኖ ሳለ የሚሸፍናቸው ካሬዎች ይበዛሉ፤ እያንዳንዷ ካሬ የሚደርሳት ድርሻ ያንሳል። ባትሪውን ሲያጋድሉ ማራቅ የተለመደ ስህተት ስለሆነ 20 ሳንቲሜትር ክር አፉ ላይ አስራችሁ ጫፉን ብርሃኑ መሀል ላይ ያዙ።

በእኩለ ቀን፣ ደመናና አየር ባይኖር፣ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ፀሐይ ከአናት ስትሆን ከሚደርሰው 100 እጅ ውስጥ ስንቱን እንደሚያገኝ አስሉት። አዲስ አበባ ሰኔ ላይ 97፣ ታኅሣሥ ላይ 84 ታገኛለች። ዋሽንግተን 96 እና 46። ስቶክሆልም 81 እና 13። የአውሮፓው መጽሐፍ ወቅትን በሙቀትና በብርድ የሚከፍለው ለምን እንደሆነ እነዚህ ቁጥሮች ይናገራሉ፤ የእኛ ገበሬ በዝናብ የሚከፍለው ለምን እንደሆነም።

እንግዲህ ክረምት ለምን ይቀዘቅዛል? ፀሐይ ዝቅ ስላለች አይደለም፤ ክረምት ሲገባ እኩለ ቀን ላይ ከአናታችን የምትርቀው ወደ 14 ዲግሪ ብቻ ነው። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሲሞቅ አየር የሚገናኝበትና ወደ ላይ የሚነሣበት ዝናባማ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ እርጥብ ነፋስ ወደ ደጋው ይገባል፣ ደመናው ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ዝናቡ መሬቱን ያቀዘቅዛል። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትወርድ ቀበቶው ተከትሏት ይወርዳል፣ እኛ ዘንድ በጋ ይሆናል። በበጋ ሌሊቱ የሚበርደው ሰማዩ ጥርት ስለሚልና ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊት ስለሚያመልጥ ነው። ሞዴሉ ዝናቡን አያሳይም፤ ከቀበቶው ሁሉ ጀርባ ያለውን የዛቢያ ዝማሜ ብቻ ነው የሚያሳየው። ይህን ለተማሪው በግልጽ ንገሩት፤ አለዚያ ብርቱካኑ ላይ ክረምትን ሲፈልግ ይውላል። ለማስተማርም «ክረምት» የሚለውን ቃል ለአውሮፓው ብርድ ወቅት ባትጠቀሙበት ይመረጣል። «የሰሜኑ ብርዳማ ወራት» ማለት ትንሽ ይረዝማል እንጂ አያሳስትም።

4. ኳስና ሽምብራ በሞራሌ ላይ

የመጽሐፍ ሥዕል ጨረቃን ምድር ጎን ይለጥፋታል። እውነተኛው ልክ ሌላ ነው። ምድር 4 ሳንቲሜትር የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ብትሆን ጨረቃ 1.1 ሳንቲሜትር፣ ማለትም ተለቅ ያለ ሽምብራ ትሆናለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 121 ሳንቲሜትር ነው። ፀሐይ ደግሞ 470 ሜትር ርቃ የቆመች፣ 4 ሜትር ከ40 ስፋት ያላት ኳስ ትሆን ነበር። እሷን መሥራት አያስፈልግም፤ እውነተኛዋ ሰማይ ላይ አለች፣ ከዚህ ስትታይም ስፋቷ ለሞዴላችን ልክ ነው።

ሞራሌው ላይ 121 ሳንቲሜትር ተራርቀው ሁለት ምስማሮች ምቱ። በአንዱ ላይ ኳሱን፣ በሌላው ላይ ሽምብራውን ሰኩ። ደረቅ ሽምብራ ሲወጋ ይሰነጠቃል፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ አለዚያ ከጭቃ 11 ሚሊ ሜትር ድቡልቡል ሥሩ። የሁለቱም መሀል ከሞራሌው እኩል ከፍታ ይኑረው።

ፀሐይ ወዳለበት ግቢ ውጡ። ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ሞራሌውን ትከሻ ላይ አድርጉ፣ ሽምብራው በፀሐይ በኩል፣ ኳሱ ከፊታችሁ ይሁን። ወደ ፀሐይ ዞራችሁ አታነጣጥሩ፤ የሞራሌው ጥላ መሬት ላይ እያጠረ ሄዶ ትንሽ ነጥብ እስኪሆን ድረስ አስተካክሉት። ቀጥሎ ቀስ እያላችሁ ስታወዛውዙት ኳሱ ላይ ደብዘዝ ያለ፣ 2 ሳንቲሜትር የሚሆን ግራጫ ክብ ሲንሸራተት ታያላችሁ። ያ የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ግራጫው ክብ ውስጥ ያለ ሰው ከፊል ግርዶሽ ያያል። ሙሉ ግርዶሽ የሚታየው ክቡ መሀል ባለች፣ የእርሳስ ጫፍ በምታህል ነጥብ ውስጥ ነው። አንድ ከተማ ሲጨልም ጎረቤቱ ፀሐይ የምታየው ለዚህ ነው።

አሁን ሞራሌውን ገልብጡት፤ ኳሱ በፀሐይ በኩል፣ ሽምብራው ከጥላው ጎን። ሽምብራው ኳሱ ጥላ ውስጥ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል፤ እዚያ ርቀት ላይ የኳሱ ጥቁር ጥላ 2.9 ሳንቲሜትር ስፋት ስላለው ሽምብራው ወደ ሦስት የሚጠጋ ጊዜ ይገባበታል። የጨረቃ ሙሉ ግርዶሽ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆየውና ጨረቃ የወጣችለት አገር ሁሉ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. የታየው ለ103 ደቂቃ ሙሉ ሆኖ ቆይቷል። በሞዴሉ ሽምብራው ይጠቁራል እንጂ አይቀላም፤ እውነተኛዋ ጨረቃ የምትቀላው የምድር አየር ሰማያዊውን ብርሃን በትኖ ቀዩን አጥፎ ጥላው ውስጥ ስለሚልክባት ነው። ኳሱ አየር የለውም።

የቀለበታዊውን ግርዶሽ ጉዳይ ግን ግቢ ውስጥ አትሞክሩት፤ ዓይን ወደ ፀሐይ ማነጣጠር ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ 6 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን ነጭ አምፖል በ3 ሜትር ርቀት አቁሙ። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ሽምብራውን በስፒል ይዛችሁ ከዓይናችሁ 55 ሳንቲሜትር አካባቢ ስታደርሱት አምፖሉን ልክ ይሸፍነዋል። አቀረብ ካደረጋችሁት ሙሉ ግርዶሽ፣ አራቅ ካደረጋችሁት ዙሪያውን የብርሃን ቀለበት ያለው ግርዶሽ ይሆናል። ጨረቃም ርቀቷ ከ357 ሺህ እስከ 407 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚዋዥቅ ሁለቱንም ታደርጋለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ የታየው ቀለበት ጨረቃ ፀሐይን ለመሸፈን ለጥቂት አንሳ የቀረችበት ነው።

5. ታዲያ በየወሩ የማይሆነው ለምንድን ነው?

በጣም የሚያስቸግረው ጥያቄ ይህ ነው፣ መምህራንም ብዙ ጊዜ የሚያልፉት። ጨረቃ በየወሩ አንዴ በምድርና በፀሐይ መካከል ታልፋለች፣ አንዴ ደግሞ ከምድር ጀርባ ትዞራለች። ክፍል ውስጥ ተማሪው አምፖል ፊት ቆሞ ብርቱካን እንደ ጨረቃ በእጁ ይዞ ሲዞር ደግሞ ሙሉ ጨረቃ በደረሰች ቁጥር የራሱ ጭንቅላት ጥላ ይጥልባታል። ከዚህ ተነሥቶ የጨረቃን መጉደልና መሙላት የሚያመጣው የምድር ጥላ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

መልሱ 5 ዲግሪ ነው። የጨረቃ ምሕዋር ከምድር ምሕዋር ጋር ሲነጻጸር 5 ዲግሪ ያህል ያዘማል። ትንሽ ይመስላል፤ ወደ ሞራሌው ተመለሱና አስሉት። በ121 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ 5 ዲግሪ ማለት ወደ 11 ሳንቲሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ነው። ኳሱ ስፋቱ 4 ሳንቲሜትር ብቻ! ሽምብራውን በቀሪ ራጂ 11 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ፀሐይ ላይ ያዙት፤ ጥላው ከኳሱ በላይ አየር ላይ ያልፋል። አብዛኞቹ ወራት እንዲህ ናቸው።

መቼ እንደሚገጥም ለማየት ሳፋውን ውኃ ሙሉት። የውኃው ገጽ የምድር ምሕዋር የተዘረጋበት ሜዳ ነው። ከሽቦ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ሥሩ፣ አንዱ ጎን ከውኃው 1.3 ሳንቲሜትር ወጥቶ ተቃራኒው በዚያው ልክ እንዲሰምጥ አድርጋችሁ በጠጠር ደግፉት። መሀል ላይ ቡሽ አንሳፍፉ፤ ምድር ነው። ቀለበቱ የጨረቃ መንገድ ነው፤ ውኃውን የሚሰነጥቀው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ መሆኑን አስተውሉ። ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ከነዚህ ሁለት መሻገሪያዎች አጠገብ ስትሆንና መሻገሪያዎቹ ከፀሐይ ጋር በአንድ መስመር ሲውሉ ነው።

ሻማ ይዛችሁ ሳፋውን ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ ቀለበቱን አትንኩት። ሻማው፣ ቡሹና መሻገሪያዎቹ በአንድ መስመር የሚውሉት በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ የግርዶሽ ወቅት 5 ሳምንት ያህል ስለሚቆይ፣ ጨረቃ ደግሞ በ29 ቀን ተኩል ስለምትመላለስ፣ በየወቅቱ ቢያንስ አንድ የፀሐይ ግርዶሽ መሆኑ አይቀርም፤ የጨረቃው ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ወይም ተከትሎ ይመጣል። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ጨረቃ ቀላች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ከፊል የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ።

አንድ ነገር ይቀራል። መሻገሪያዎቹ ራሳቸው ወደ ኋላ እየሸሹ በ18.6 ዓመት አንድ ዙር ይጨርሳሉ። ስለዚህ የግርዶሽ ወቅት የሚመለሰው በ6 ወር ሳይሆን በ173 ቀን ገደማ ነው፤ በየዓመቱም ወደ 19 ቀን ይቀድማል። ሻማውን ባዞራችሁ ቁጥር ቀለበቱን በተቃራኒው 19 ዲግሪ ብትገፉት ይህንኑ ታያላችሁ። የጨረቃ ወር ለሚቆጥር ሰው ሌላም ማረጋገጫ አለ፦ የፀሐይ ግርዶሽ ምንጊዜም በጨረቃ ወር መለወጫ፣ የጨረቃ ግርዶሽ ምንጊዜም በወሩ አጋማሽ ይውላል። የጨረቃ ወር በገባ በ20ኛው ቀን ግርዶሽ አለ የሚል ወሬ ከሰማችሁ አትውጡ።

6. እውነተኛው ሲመጣ

የጨረቃን ግርዶሽ በባዶ ዓይን እዩት፤ ምንም ጉዳት የለውም። የፀሐዩ ሌላ ጉዳይ ነው። የዓይን ብሌን ውስጠኛው ክፍል ሕመም ስለማይሰማው ሲቃጠል አያስታውቅም። ጥላሸት የተቀባ መስታወት፣ የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ ሁለት ሦስት ተደራርቦ የተደረገ የፀሐይ መነጽር፣ ሳፋ ውኃ ውስጥ ያለች ፀሐይን ማየት፤ አንዳቸውም አይበቁም። ጨለማ መስሎ የሚታየው መስታወት የማይታየውን ጨረር ያሳልፋል። የሚያገለግለው አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት ያለው የግርዶሽ መነጽር ነው፤ የብየዳ መስታወት ካገኛችሁ ደግሞ ቁጥር 14። መነጽሩ አለመጫጫሩን ለማየት ወደ አምፖል አሳዩት፤ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ ካለው ጣሉት።

መነጽር ከሌለ ካርቶን ላይ በስፒል አንድ ቀዳዳ ብሱ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጋችሁ ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉት። በ1 ሜትር ርቀት የምታገኙት የፀሐይ ምስል 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ2 ሜትር 18 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ግን ይደበዝዛል። ትልቅ ቀዳዳ ብርሃን ይጨምራል፣ ቅርጹን ግን ያጠፋዋል፤ ከ1 ሚሊ ሜትር አታሳልፉ። በቀዳዳው በኩል ፀሐይን በዓይናችሁ አትዩ፤ የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ምስል ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ካላችሁም በቅጠሎቹ መካከል የሚሾልከው ብርሃን ሁሉ መሬት ላይ ማጭድ ማጭድ ይሆናል።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው መስመር በግብፅ ላይ ያልፋል፤ ሉክሶር አጠገብ ከ6 ደቂቃ በላይ ይጨልማል፤ ጅዳና መካም ውስጡ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚታየው ከፊል ግርዶሽ ነው፣ ከቀትር በኋላ። ሐምሌ በመሆኑ ደጋው ላይ ደመና ሊኖር ስለሚችል የቻለ ወደ ቆላው ቢወርድ ይሻለዋል፤ ጅዳ ያለ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ መነጽሩን ከወዲሁ እንዲያዘጋጅ ንገሩት። ለጨረቃው ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም.ን ያዙ። ጨረቃ አዲስ አበባ ላይ ከምሥራቅ ብቅ ስትል ጥላው መንካት ጀምሮ ይሆናል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ሙሉ በሙሉ ቀልታ ትቆያለች። ታኅሣሥ ስለሆነ ሰማዩ ጥርት ሊል ይችላል፤ ጋቢ ይዛችሁ ውጡ።